ምርጥ ምድጃ ለመግዛት ለምታስቡ የደብረ ብርሃን ሰዎች

እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶችና ለሠራተኞች የማስረክብ ሴት ነኝ። ትውልዴ መንዝ፣ ኑሮዬ ደብረ ብርሃን ነው። ምርጥ የሚባለውን የሲሚንቶ ምድጃ ገዝቼ በጋውንም ክረምቱንም ጋግሬበታለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ግዙት። ብቻ ሻጩ የሚነግራችሁን ቁጥር አምናችሁ ሳይሆን ከዚህ በታች የምነግራችሁን አይታችሁ ግዙት።

መጀመሪያ ምድጃው ከየት እንደመጣ ማወቅ ደግ ነው። አንድ ብልህ ነጋዴ ያወጣው ዕቃ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመንግሥት የኢነርጂ ተመራማሪዎች በዓለም ባንክ የገንዘብ ድጋፍ አጥንተው የሠሩት ነው። የተነሡበት ጥያቄ የእኛው የጓዳ ጥያቄ ነበር፤ ይህ ሁሉ ማገዶ የት ነው የሚያልቀው? መልሱ ምጣድ ሥር ተገኘ። በአገራችን አንድ ቤተሰብ ከሚያነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ምጣዱ ሰፊ ነው፤ ሦስቱ ጉልቻ ግን በየአቅጣጫው ክፍት ስለሆነ ነበልባሉ የምጣዱን ሆድ ልሶ በጎን ይወጣል። ጋጋሪዋ እግሯ ይለበለባል፣ ግድግዳው ይሞቃል፣ ሊጡ ግን የድርሻውን አያገኝም። ተመራማሪዎቹ እሳቱን ዙሪያውን አጠሩት፤ ለማገዶው ከፊት አንድ አፍ፣ ለጭሱ ከኋላ አንድ መውጫ ተዉለት፤ በመውጫው ላይ ድስት እንዲጣድ አደረጉ። ኋላም በጀርመን መንግሥት የልማት ድርጅት ድጋፍ በየከተማው ያሉ አምራቾች ሥራውን ሠለጠኑ፤ እኛም ዘንድ የደረሰው በዚያ መንገድ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተጠና ነገር ወረቀት ላይ ቀርቶ አቧራ ሲጠጣ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህኛው ግን እጄ ገብቷል፣ በየጠዋቱ እሳት አነድበታለሁ፤ በዚህም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዕቃው ስድስት ቁራጭ ነው። አራቱ ሲጋጠሙ ምጣዱ የሚቀመጥበትን ክብ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ከኋላ የድስቱን ማስቀመጫ። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ ስለሆነ ከባድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተተከለ ወዲያና ወዲህ አይባልም። መጋጠሚያው በጭቃ ይመረጋል። አመራረጉ ላይ አትሳነፉ። በስንጥቁ በኩል ነበልባል የሚታያችሁ ከሆነ የገዛችሁት ምድጃ ሳይሆን የተጠረበ ጉልቻ ነው። ምጣዳችሁንም ይዛችሁ ሂዱና እዚያው በክቡ ላይ አስቀምጣችሁ እዩ፤ ምድጃው የሚሠራው ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ለሚሰፋ ምጣድ ነው። የእኛ አገር ሸክላ ሠሪ በመለኪያ አትሠራም፣ በእጇ ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ አንዱ ምጣድ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ሻጮቹ «ማገዶ በግማሽ ይቀንሳል» ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ በቤተ ሙከራ፣ በደረቅ እንጨት፣ በሠለጠነ እጅ ሲለካ ወደዚያ ይደርሳል። የእኔ ጓዳ ግን ቤተ ሙከራ አይደለም። እንጨቱ አንዳንድ ቀን እርጥብ ይመጣል፣ ሰው ይጠራኛል፣ እሳቱ ያለ ሥራ ይነድዳል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ይህን ስነግረው አንድ ጥናት ፈልጎ አመጣና እየተረጎመ አነበበልኝ። በፈረንጆቹ 2015 በዓለም ባንክ የታተመ፣ ኢትዮጵያውያን የምጣኔ ሀብት ምሁራን የተሳተፉበት ጥናት ነው። በገጠር ቤቶች ምድጃው ላይ ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አስቀምጠው መቼ እንደነደደና መቼ እንደጠፋ ተከታተሉ። ይህን አሠራር ወደድሁት፤ ሰው በእንግዳ ሲጠየቅ ደስ የሚያሰኘውን ይመልሳል፣ መሣሪያው ግን የሆነውን ብቻ ነው የሚጽፈው።

«እማዬ፣ አንድ ምድጃ በዓመት ወደ 634 ኪሎ እንጨት ያተርፋል ይላል፤ ቀድሞ ሲገመት ከነበረው ግን ግማሽ ያህሉ ነው» አለኝ።

«ግማሹም ቢሆን በጀርባ ሲታሰብ ስንት ነው?» አልሁት።

አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ 30 ኪሎ ትሸከማለች ብንል ከ20 ሸክም በላይ ነው። በጠዋቱ ብርድ ከዳገት ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ አጉብጧቸው የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው ይህን ቁጥር ትንሽ ነው አይልም። እኔ የምቆጣው «ማገዶ በግማሽ ይቀንሳል» ተብላ የገዛች ሴት ያን ያህል ሳታገኝ ስትቀር ተታለልሁ ብላ ምድጃውን ጓሮ ስለምትጥለው ነው። እውነተኛው ቁጥር ቢነገራት ደስ ብሏት ትይዘው ነበር። ተለክቶ የታወቀውን ነገር ለገዢው አለመንገር ለእኔ ትልቅ ጥፋት ነው።

ስለ አጋገሩ ልንገራችሁ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በመጀመሪያ ሙቀቱን ራሱ ይጠጣል፤ ስለዚህ ምጣዱ እስኪግል ከጉልቻ ይልቅ ያዘገያል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን ሳታወጣ ትቀራለች፣ ሁለተኛዋም ትንሽ ታመነታለች። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው። ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሆናል፤ በጉልቻ ጊዜ በነፋሱ ወገን ነጭ ሆኖ የሚቀረው የእንጀራ ጠርዝ አሁን የለም። አክምባሎውን ሳነሣ እንፋሎቱ በአንዴ ወጥቶ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ፈጦ አገኘዋለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ማገዶ መጨመር አቁሜ በግለቱ ብቻ ጥቂት እንጀራ አወጣለሁ፤ ትርፉ በግልጽ የሚታየኝ እዚያ ላይ ነው። እንግዲህ ብዙ ለሚጋግር ሰው ምድጃው ሁነኛ ነው። ለሁለት ሰው አምስት ስድስት እንጀራ ብቻ ለምትጋግር ሴት ግን ግድግዳውን ለማሞቅ የወጣው ማገዶ እምብዛም አይመለስላትም። እሷ ከጎረቤት ጋር ተራ ገብታ በአንድ እሳት ብትጋግር ይሻላታል።

የኋላውን ድስት በተመለከተ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃችን የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና አተር ቆላ ካለው ይልቅ ረጅም ሰዓት ይፈልጋሉ። ከምጣዱ አልፎ የሚመጣው ሙቀት ለዚያ አይበቃም። ውኃ ለማሞቅ፣ የተሠራ ወጥ እንዳይቀዘቅዝ ለማቆየት ግን ጥሩ ነው። ለቡና ውኃዬን የማሞቀው እዚያ ላይ ነው።

ጭሱስ? ቀንሷል፣ አልጠፋም። የእኔው ዓይነት ቧንቧ የለውም፤ ከኋላ የሚወጣው ጭስ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። ከጣሪያው ሥር ለጭሱ መውጫ ያልከፈተች ሴት ዓይኗ አሁንም ያለቅሳል።

ስለ ኩበት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ጠለቅ ብዬ ልናገር። መንዝ ላይ እንጨት ውድ ነው፣ ብዙው ቤት የሚያነደው ኩበት ነው። ምርጥ ምድጃ ኩበት ይቀበላል፤ ነገር ግን የኩበት አመድ ብዙ ስለሆነ እሳቱ ሥር ቶሎ ይቆለላል፣ አየር ያሳጣዋል፣ ከዚያም መጨስ ብቻ ይሆናል። በየመሃሉ አመዱን በመጫሪያ ወደ አፉ ስባችሁ አውጡ። በሚቀጥለው ጊዜ በኢነርጂ ጥናት ላይ የሕዝብ ገንዘብ የሚመድብ ሰው ቢሰማኝ ይህን እለምነው ነበር፦ ኩበት በሚነድበት በደጋው አገር የተለየ የአመድ መውረጃ ያለው ምድጃ ይጠና። ከእሳት የዳነ ኩበት ገብስ ማሳ ላይ ፍግ ይሆናል፤ መንዝ ላይ ደግሞ ማሳው ፍግ ምን ያህል እንደተራበ የሚያውቀው ያውቃል።

ቅሬታዬ የሸጠልኝ ሰው ላይ ነው። የአፉ ቁራጭ በመጀመሪያው እሳት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሲሚንቶ ከተቀረጸ በኋላ ለቀናት ውኃ እየጠጣ መጠንከር፣ ከዚያም በጥላ መድረቅ አለበት፤ ይህ ግን ተጣድፎ የወጣ ነበር። ብወስድለት «እሳት የነካውን አንመልስም» አለኝ። እሳት ያልነካው ምድጃ እንዴት ብሎ ይፈተናል? ስንት ባለሙያ የደከመበት ሥራ መጨረሻው እጅ ላይ በጥድፊያ ሲበላሽ ያሳዝናል። ሌላውን ቁራጭ የገዛሁት ከሴቶች ማኅበር ነው፤ እስካሁን አንድ ጭረት አላየሁበትም።

ያ ያልኋችሁ ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል። ምድጃው በነጻ የተሰጣቸው ቤቶች ያተረፉት ማገዶ ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ታይቷል፤ ተጠቃሚ ሴቶች እርስ በርስ እንዲገናኙ ሲደረግም ቁጠባው ይጨምራል። አያስገርመኝም። ጎረቤቴ «እትዬ፣ ይህ ሲሚንቶ እንጀራውን አያደርቀውም?» ብላ ስትፈራ የኖረች ናት፤ የገዛችው ቡና ልትጠጣ መጥታ ስጋግር ካየች በኋላ ነው።

ስትገዙ እንግዲህ ቁራጩን በጣታችሁ ምቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠና ቀለሙ ጠቆር ብሎ እርጥበት ከታየበት ተዉት። ጠርዙን በጥፍራችሁ ፈግፍጉት፣ ከረገፈ አትውሰዱ። በጋሪ ስታስመጡም ከሥሩ ጭድ አንጥፉ፣ ቁራጮቹንም አቁሙ እንጂ አትደራርቡ።