ብሬስ፣ አላይነር እና ሪቴነር፦ የጥርስ ማስተካከያ ሕክምና ሲመዘን

ጥርሱን ለማስተካከል ያሰበ ሰው በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ «ብሬስ ይሻለኛል ወይስ አላይነር?» የሚል ነው። ብሬስ በጥርሶች ላይ ተለጥፎ በሽቦ የሚያስተካክል ቋሚ መሣሪያ ሲሆን አላይነር ደግሞ የሚወልቅ ግልጽ የፕላስቲክ ቅርጽ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ የመሣሪያው ዓይነት በመጨረሻው ውጤት ላይ ያለው ድርሻ ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። እኔ በአዋቂነት ዕድሜዬ ቋሚ ብሬስ አስገጥሜ፣ ወደ መጨረሻው ለጥቃቅን ማስተካከያ አላይነር ተጠቅሜ፣ አሁን ማታ ማታ ሪቴነር (ጥርሶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳይመለሱ የሚያቆይ መሣሪያ) የማደርግ ታካሚ ነኝ። ስለዚህ የምሰጠው ግምገማ የታካሚ ግምገማ ነው፤ የራሴን ልምድ ብቻ ላለመከተል ግን በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚሉትን አብሬ አይቻለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ሕክምናው በእርግጥ ይሠራል፤ ውጤቱን ከመሣሪያው ስም ይልቅ የሚወስኑት ግን ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ምርመራና ዕቅድ፣ ታካሚው በየቀኑ የሚያደርገው ጥንቃቄ እና ብሬሱ ከወለቀ በኋላ የሚደረገው ክትትል ናቸው።

ጥርስ ከመንጋጋ አጥንት ጋር በቀጥታ የተጣበቀ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ስፋቱ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስስ የጅማት ሽፋን አለ። በጥርሱ ላይ ቀላል ግን የማያቋርጥ ግፊት ሲያርፍ ይህ ሽፋን በአንድ ወገን ይጨመቃል፣ በሌላው ወገን ይለጠጣል፤ በተጨመቀበት በኩል አጥንትን የሚያሟሙ ሕዋሳት ሥራ ሲጀምሩ በተለጠጠበት በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት ይሰማራሉ፣ ጥርሱም በወር በአማካይ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ወደተጨመቀው ሽፋን የሚሄደው ደም ስለሚቋረጥ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፣ ጥርሱም ያ የሞተ ክፍል እስኪጠረግ ድረስ ለሳምንታት ባለበት ይቆያል። «ቶሎ እንዲያልቅልኝ ጠበቅ አድርጉልኝ» የሚል ታካሚ ሳያውቀው መዘግየትን እየጠየቀ ነው ማለት ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ሽቦ በዚህ ሕክምና ውስጥ ትልቅ ቦታ የያዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሽቦው ቢታጠፍም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ እየሳበ ለረጅም ጊዜ ለስላሳ ግፊት ይሰጣል።

«ውጤታማ ነው» የሚለው አባባል መለኪያ ከሌለው ትርጉም የለውም። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ አንግል በ1899 የላይና የታች ጥርሶችን አገጣጠም በሦስት ምድብ ከከፈለ ወዲህ ሐኪሞች ችግሩን በአንድ ቋንቋ መግለጽ ችለዋል፤ ውጤቱን በነጥብ መለካት የተቻለው ግን ብዙ ዘግይቶ ነው። በ1992 በብሪታንያ ይፋ የተደረገው ፓር የተባለው መለኪያ የጥርሶቹን ቅርጽ ከሕክምና በፊትና በኋላ ያወዳድራል፤ ነጥቡ ቢያንስ በ30 በመቶ ካልቀነሰ ታካሚው ተሻሽሏል አይባልም፣ የአንድ ሐኪም ሥራ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ነው የሚባለውም የታካሚዎቹ አማካይ ቅናሽ ከ70 በመቶ ሲበልጥ ነው። ይህ ግብ በጥሩ እጅ የሚደረስበት ነው። ስለዚህ ክሊኒክ ሲመረጥ በግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የፈገግታ ፎቶግራፍ ይልቅ ከራስ ችግር ጋር የሚመሳሰል ችግር የነበረበት ሰው ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሣውን የጎን ምስል ማሳየት ይችሉ እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል፤ ቀጥ ብለው የተደረደሩ የፊት ጥርሶች ከኋላ በትክክል የማይገጥሙ የመንጋጋ ጥርሶችን ሊሸፍኑ ይችላሉና።

ቋሚ ብሬስ በእኔ ግምት አሁንም አስተማማኙ ምርጫ ነው። የዞረ የክራንቻ ጥርስን ለማዞር፣ ጥርስ ተነቅሎ የተከፈተን ክፍተት ለመዝጋት፣ ዘውዱን (ከድድ ውጭ የሚታየውን የጥርስ ክፍል) ብቻ ሳይሆን ሥሩንም ወደሚፈለገው ቦታ ለመውሰድ የሚተካከለው የለም። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የሚሠሩት ብራኬቶች (በየጥርሱ ላይ ተለጥፈው ሽቦውን የሚይዙት ትናንሽ ቁራጮች) ለእያንዳንዱ ጥርስ የሚያስፈልገውን ዝንባሌ በውስጣቸው ይዘው ስለሚመጡ፣ ሐኪሙ ሽቦውን በየጥርሱ የሚያጥፍበት ሥራ በጣም ቀንሷል። ብራኬቱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ተዛንፎ ከተለጠፈ ግን ጥርሱም በዚያው ልክ ይዛነፋል፤ የሚለጠፍበት ቀን ከሁሉም የሚረዝመው ቀጠሮ መሆኑ አያስገርምም። የሙሉ ቋሚ ብሬስ ሕክምና በአማካይ 20 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ውስብስብ ከሆነ ከዚያ ይረዝማል።

ስለ ሕመሙ የሚወራው የተጋነነ ነው፣ ጨርሶ የለም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ሽቦ ከተቀየረ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጥርሶቹ መነካት አይወዱም፤ ሕመሙ በማግስቱ ጫፍ ላይ ደርሶ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ለማስታገሻ ፓራሲታሞል የሚመረጠው፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች ጥርሱን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን የሰውነት ሂደት ሊያዘገዩ ይችላሉ ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። እኔን ከሕመሙ በላይ ያስቸገረኝ ከኋለኛው የመንጋጋ ጥርስ ብራኬት አልፎ የሚወጣው የሽቦ ጫፍ ነበር። በፊት የነበሩት ክፍተቶች እየተዘጉ ሲሄዱ ሽቦው ቦታ ስለሚተርፈው ወደ ኋላ እየሾለከ ጉንጭን ይወጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ብራኬቱን በጥጥ አድርቆ ከክሊኒኩ የሚሰጠውን ሰም በጣት አድቦልቡሎ ጫፉ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያም ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሄዶ ማስቆረጥ።

ሽቦውን ያለ ጎማ ቀለበት ራሱ ቆልፎ የሚይዝ ብራኬት ሕክምናውን ያሳጥራል ተብሎ በውድ ይሸጣል። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ግን ከተለመደው ብራኬት ጋር የሚታይ ትርጉም ያለው የጊዜ ልዩነት የለም። በየዕለቱ ለደቂቃዎች የሚነከሰው የሚንቀጠቀጥ መሣሪያም ያው ነው፤ የተገባለትን ቃል የሚደግፍ አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘለትም። ለእነዚህ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲከፈል አልመክርም።

አላይነር ደግሞ በየተራ የሚቀያየሩ ግልጽ የፕላስቲክ ቅርጾች ስብስብ ነው። ይህን ዘዴ በዓለም ያስፋፋው ኢንቪዛላይን የተባለው ምርት ሲሆን ባለቤቱ ኩባንያ የተመሠረተው በ1997 ነው። ለመብላትና ለመቦረሽ ስለሚወልቅ ለጥርስ ንጽሕና የተመቸ ነው፤ በሰዎች ፊት ብዙ ለሚናገር ሰውም ጥሩ ምርጫ ነው። በኮምፒዩተር ላይ የሚታየው ተንቀሳቃሽ ምስል ግን ትንበያ እንጂ ውል አይደለም። በ2009 የታተመ በኢንቪዛላይን ላይ የተደረገ ጥናት፣ በዕቅዱ ላይ ከተተነበየው የፊት ጥርሶች እንቅስቃሴ በአፍ ውስጥ የተፈጸመው በአማካይ 41 በመቶ መሆኑን አሳይቷል፤ በ2020 የወጣው ተከታይ ጥናት ቁጥሩን 50 በመቶ አድርሶታል። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ የቀረው ግማሽ ግን አዲስ ልኬት ተወስዶ ተጨማሪ አላይነር በመሥራት ይሞላል። ለዚህም ነው ዋጋ ሲጠየቅ የማሻሻያ ዙሮች ተካትተው እንደሆነ አጥብቆ መጠየቅ የሚገባው። ክብ ቅርጽ ያላቸውን ጥርሶች ማዞርና ጥርስን ከድድ ወደ ውጭ መሳብ የአላይነር ደካማ ጎኖች ናቸው፤ በጥርስ ላይ የሚለጠፉት የጥርስ ቀለም ያላቸው ትናንሽ ጉብታዎች ፕላስቲኩ የሚይዘው ነገር እንዲያገኝ ይረዳሉ።

አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት መደረግ አለበት። ቡና እየደጋገመ የሚጠጣ፣ በመካከሉ የሚቀምስ፣ ባወለቀው ቁጥር መልሶ ለማድረግ የሚዘገይ ሰው ሳያስበው 15 ሰዓት ላይ ይቀራል፤ ቀጣዩ አላይነር ጥርሱ ላይ በትክክል አልቀመጥ ሲለውም ምርቱን ይወቅሳል። ራሱን በሚገባ ለሚገዛ፣ ችግሩም ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰው አላይነርን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

በአካል ተገኝቶ ምርመራ ሳይደረግ ልኬት በፖስታ ተልኮ አላይነር የሚመጣበትን አገልግሎት ግን አልመክርም። ራጅ ሳይታይ፣ የድድ ጤና ሳይመረመር ጥርስን ማንቀሳቀስ አደጋ አለው፤ በመሠረቱ ላይ ያለው አጥንት በድድ በሽታ የተበላ ጥርስ ሲገፋ ሊላላና ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ዘርፍ ትልቁ የነበረው ስማይል ዳይሬክት ክለብ በታኅሣሥ 2023 በድንገት ሲዘጋ ብዙ ደንበኞች ሕክምናቸው ሳያልቅ የሚከታተላቸው ሐኪም አጥተው ቀርተዋል።

ወደ ውጤቱ መንስኤዎች ስንመለስ፣ ሁሉንም የሚቀድመው ችግሩ ከጥርሶቹ አደራደር ነው ወይስ ከመንጋጋ አጥንቱ የሚለው ነው። የታችኛው መንጋጋ በእጅጉ ወደፊት የወጣበት አዋቂ ጥርሶቹ ብቻ ቢገፉ ውጤቱ ከፊል ይሆናል፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ዕድሜም ድርሻ አለው፦ የላንቃ አጥንት መጋጠሚያ በጉርምስና ወራት እየጠነከረ ስለሚሄድ ጠባብ ላንቃን ማስፋት በልጅነት ይቀላል። «ቀደም ብሎ መጀመር ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው ግን እውነት አይደለም። የላይ የፊት ጥርሶቻቸው ወደፊት የወጡ ልጆችን በሁለት ዙር ማከም፣ በጉርምስና ዕድሜ በአንድ ዙር ከማከም የተሻለ የመጨረሻ ውጤት እንደማያመጣ በዕጣ የተመደቡ ልጆችን ያሳተፉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የተገኘው ጥቅም የፊት ጥርሶች በመውደቅ ወይም በግጭት የመሰበር ዕድላቸው መቀነሱ ነው። ለሚሮጥና ለሚታገል ልጅ ይህ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ጥርስ በአዋቂነትም ይንቀሳቀሳል፤ ድዱ ጤናማ እስከሆነ ድረስ የዕድሜ ጣሪያ የለውም።

ከዚያ ቀጥሎ የታካሚው ድርሻ ይመጣል። ከላይኛው ክራንቻ ወደ ታችኛው የመንጋጋ ጥርስ የሚዘረጋውን ትንሽ ላስቲክ ቀን አድርጎ ሌሊት የሚተው ሰው፣ ጥርሱ ቀን የሄደበትን ሌሊት እንዲመለስ ያደርጋል። ጠጣር ነገር ሲነከስ የተነቀለ ብራኬትና የተዘለለ ቀጠሮ ሕክምናውን በወራት ያራዝማሉ። በብራኬቱ ዙሪያ የቀረ ፕላክ (በጥርስ ላይ የሚለጠፍ የባክቴሪያ ሽፋን) ደግሞ በአራት ሳምንት ውስጥ እንኳ በኢናሜሉ፣ ማለትም በጥርሱ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን፣ ላይ ነጭ ጠባሳ ማሳየት ሊጀምር ይችላል፤ ብሬሱ ሲወልቅ የብራኬቱን ቅርጽ ተከትሎ የሚታየው ነጭ ማዕቀፍ ያ ነው። ፍሎራይድ ባለው ሳሙና መቦረሽ እና በሽቦው ሥር የምትገባዋን ቀጭን ብሩሽ በየምሽቱ መጠቀም ግዴታ ናቸው። የጥርስ ሥር ጫፍ በትንሹ ማጠር በብዙ ታካሚዎች ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት የለውም፤ በጥቂቶች ግን ስለሚብስ ሐኪሙ በመካከል ራጅ እንዲያነሣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ሪቴነር ነው። በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት የተደረገ ክትትል፣ ሪቴነር ማድረግ ከቆመ ከ10 ዓመት በኋላ የታች የፊት ጥርሶቻቸው አጥጋቢ በሆነ አሰላለፍ የቆዩላቸው ታካሚዎች ከ30 በመቶ በታች መሆናቸውን፣ በ20 ዓመት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 10 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በአቅል ጥርስ ላይ ይላከካል፤ ነገር ግን የታች የፊት ጥርሶች ሕክምና ባልተደረገላቸውም፣ አቅል ጥርስ ባላበቀሉም ሰዎች ላይ ከዕድሜ ጋር ይጣበባሉ። ከጥርስ ጀርባ የሚለጠፈው ሽቦ ምቹ ቢሆንም ከአንዱ ጥርስ ላይ ሲላቀቅ ስለማይሰማ በየጊዜው መታየት አለበት። የሚወልቀው ግልጽ ሪቴነር እየሳሳ ይሰነጠቃል፣ ይተካልም። ስለዚህ ለሕክምናው ከመፈረም በፊት የሪቴነሩ ዋጋ፣ ምትኩ እና ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ክትትል በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈራቸውን፣ ብሬሱ በወለቀበት ቀን የተወሰደው የጥርስ ስካን ፋይልም ለታካሚው እንደሚሰጥ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ፋይሉ ካለ የጠፋ ሪቴነር ጥርሶቹ ቦታቸውን ሳይለቁ በማንኛውም ክሊኒክ እንደገና ሊሠራ ይችላል።