ሲጥ ሲጥ ለሚል የሞተር ቺንጋ ሐኪም ተገኘ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሞተር ነጂዎች፣ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። በዚያውም በአደባባይ ላመስግናቸው።

የእኔ ሞተር ሃርሊ ዴቪድሰን ሶፍቴይል ነው። የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ሳይሆን ቺንጋ ነው። አገር ቤት ካቴና ያለው ሞተር ለለመደ ሰው ቺንጋ ምቾት ነው። ዘይት የለ፣ ግሪስ የለ፣ ሱሪ አያቆሽሽ። ድምፅም የለውም ይባላል። የእኔው ግን ዘንድሮ ሰመር ሲገባ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ፍጥነት ስጨምር የጭስ ማውጫው ጩኸት ይውጠዋል። ቀስ ስል፣ በተለይ ከፓርኪንግ ስወጣ፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ ብዙም ሳያዩት "ቺንጋው ይቀየር" አሉኝ። ሶፍቴይል ላይ ደግሞ ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም። የፊተኛው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጥርሳም ክብ) ከፕራይመሪው፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ ከሚያስተላልፈው ክፍል፣ ኋላ ስለተደበቀ በግራ በኩል ያለው ነገር ሁሉ ይፈታል። ከቺንጋው ይልቅ የእጅ ዋጋው ነው የሚያስደነግጠው። ሞተሩን ልሽጠው እንዴ ብዬም ነበር።

ከዚያ አንድ ጓደኛዬ ወደ እኚህ ሰው ላከኝ። ሐበሻ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ። መፍቻ ለማንሳት አልቸኮሉም። ሞተሩን ክሪክ ላይ አውጥተው ጎማውን በእጃቸው እያዞሩ አዳመጡ። ቀጥሎ ቺንጋው ላይ ውሃ ረጨት አደረጉበት። ድምፁ ወዲያው ጠፋ።

"አየህ ልጄ፣ ቺንጋህ ጤነኛ ነው። ጎማው ትንሽ ተጣሞ ስለገባ የቺንጋው ጠርዝ ፑሌጃውን እየታከከ ነው።"

በዚህም አልቆሙም። የቺንጋውን ጥርሶች አንድ በአንድ በባትሪ አዩ፤ ስንጥቅም፣ የተሰነቀረ ጠጠርም ካለ ብለው። የጎማውን ኩሽኔት ነቅነቅ አድርገው ፈተሹ። ከዚያ በግራም በቀኝም ለኩ። እውነትም ሁለቱ ጎን እኩል አልነበረም። የአክስሉን ዳዶ አላልተው አስተካከሉት።

የውጥረቱ አለካክ ደግሞ ደስ ይላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቺንጋው በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ጎማውን እያዞሩ ፈለጉ። እዚያ ላይ በመለኪያ በ10 ፓውንድ ኃይል ወደ ላይ ገፍተው ምን ያህል እንደሚሄድ አዩና ከማኑዋሉ ጋር አመሳከሩ። "ከጠበቀ ኩሽኔት ይበላል፣ ከላላ ጥርስ ይዘላል" አሉኝ። በመጨረሻ በሳሙና ውሃ አጠቡት። "ጋሼ፣ ትንሽ ዘይት አይቀባም?" ብላቸው፣ "ካቴና መሰለህ እንዴ!" ብለው ሳቁብኝ። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ቺንጋውንም ይጎዳል።

ድምፁ እስካሁን አልተመለሰም። የጠየቁኝ ሒሳብ ከመጀመሪያው ግምት ጋር አይወዳደርም። ጨምሬ ልስጥ ብል ሊቆጡኝ ደረሱ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ቀጠሮ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። የሚቸኩል ሰው እሳቸው ጋ ይበሳጫል፤ ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። እሁድ ስልክ አያነሱም። ኮምፒውተር የሚፈልግ የኤሌክትሪክ ችግር ከሆነም "ይሄ የኔ አይደለም" ብለው በግልጽ ይነግሯችኋል። ስልካቸውን እዚህ መለጠፍ አልፈለኩም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።