ሃስ ብቻውን ወይስ ከኤቲንገር ጋር?

በባሕር ዳር ዙሪያ አቮካዶ ለመትከል የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ፍሬው ነው። እኔ ግን አስቀድሞ አበባውን ጠጋ ብሎ እንዲያይ እመክራለሁ።

እያንዳንዱ የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ በሴቴነት፣ ቀጥሎ በወንዴነት። በመጀመሪያው ጊዜ፣ መሃል ላይ ያለችው ሴቴ ክፍል ብቻዋን ቀና ትላለች፤ በሁለተኛው ብናኝ የያዙት ቀጫጭን ዘንጎች ቆመው ይታያሉ። ሃስ የተባለው የአቮካዶ ዝርያ በሴቴነት የሚከፈተው ጠዋት ሲሆን፣ በወንዴነት የሚመለሰው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ኤቲንገር የተባለው ሌላ ዝርያ ግን ከሰዓት በኋላ ሴቴ፣ በማግስቱ ጠዋት ወንዴ ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲተከሉ የአንዱ ብናኝ የሌላውን ሴቴ አበባ በሰዓቱ ያገኛል፤ አመላላሿ ንብ ናት። በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ መርጨት ይህን ሁሉ ያበላሻል፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ!

ሃስ ብቻውንም ፈጽሞ መካን አይደለም። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የአበባው ሰዓት ይዛባና ወንዴና ሴቴ የሚገናኙበት ጊዜ ይፈጠራል። ነገር ግን ምርትን በዚህ ላይ መጣል አይገባም።

ለገበያ ሃስ ይበልጣል፤ ወፍራም ቆዳው መንገድ ይችላል፣ ሲበስልም ይጠቁራል። ኤቲንገር ቆዳው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል።

የእኔ ምርጫ ብዙ ሃስ፣ በመካከላቸው ጥቂት ኤቲንገር ነው። ቦታው ለአንድ ዛፍ ብቻ ከበቃ ደግሞ በሃሱ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ከኤቲንገር የተቆረጠ ቀንበጥ አጣብቆ ማዳቀል ይቻላል።