ሮክ ስላይደር፦ በቡሎን የሚታሰረው ወይስ የሚበየደው? ለአዲስ መኪና የትኛው ያዋጣል

አዲስ ፎር ባይ ፎር የገዛ ጓደኛ ሁሉ ድንጋያማ መንገድ ከመግባቱ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ከበር በታች የሚገጠመው፣ መኪናውን ከድንጋይ የሚጠብቀው ስላይደር በቡሎን የሚታሰረው ይሁን ወይስ ሻንሲው ላይ የሚበየደው? መኪናው አዲስ ከሆነ በቡሎን የሚታሰረውን ግዙ። ብየዳም ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ዋስትናው ያለቀ፣ ብዙ የሠራና ባለቤቱ ልሽጠው የማይለው መኪና ነው። ከሁለቱ ሌላ ደግሞ «ስላይደር» እየተባለ የሚሸጥ፣ ቦዲ ላይ የሚታሰር መርገጫ አለ። እሱን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ምክንያቱን ለማየት መኪናው ስር መግባት ነው። እንደ ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስ፣ ጂምኒና ራንግለር ያሉ መኪኖች ቦዲያቸው ሻንሲው ላይ በጎሚኒ ነው የተቀመጠው። ከበሩ ስር ያለው ጠርዝ ተደራርቦ በነጥብ ብየዳ የተያያዘ ስስ ላሜራ ነው። ስላይደር ደግሞ የመኪናውን ግማሽ የሚጠጋ ክብደት ተሸክሞ ድንጋይ ላይ እንዲንሸራተት የተሠራ ዕቃ ስለሆነ ጭነቱን ወደ ሻንሲ ማድረስ አለበት። ቦዲ ላይ የታሰረው መርገጫ ድንጋይ ሲያገኘው ይታጠፍና ጠርዙን ይዞት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በሩ አልዘጋ ይላል። መርገጫው ሲገዛ ርካሽ ነበር፤ የበር ስር ላሜራ ቆርጦ መቀየርና ቀለም ማመሳሰል ግን ርካሽ ሥራ አይደለም።

አስመሳይ ዕቃ በሚዛን ይታወቃል

ሻጩን መጀመሪያ ጠይቁት፤ ጥያቄውም ስንት ኪሎ ነው የሚል ይሁን። የውጭ ስፋቱ 44.5 ሚሜ፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሜ የሆነ የብረት ቱቦ በሜትር 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ያው ቱቦ ውፍረቱ 1.5 ሚሜ ሲሆን 1.6 ኪሎ ነው። ቀለም ከተቀቡ በኋላ ዓይን አይለያቸውም። 50 በ50 የሆነ ባለ 5 ሚሜ ቱቦላሬ ደግሞ በሜትር 7 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሜትር ከሰባ የሚሆን ዋና ቱቦላሬ፣ ያንኑ የሚያህል የውጭ ቱቦ፣ ወደ ሻንሲው የሚዘረጉ ሦስት እግሮችና የማሰሪያ ላሜራዎች ሲደመሩ የአንዱ ጎን ብቻ 28 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ሁለቱ ጎን ተደምሮ 30 ኪሎ የማይሞላ የብረት «ስላይደር» መርገጫ ነው ማለት ነው፤ ስሙ ምንም ይሁን።

ስለዚህ ዋጋውን ለኪሎ አካፍሉት። ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ በጥንድ ዋጋ ርካሽ የመሰለው በኪሎ ሲሰላ ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የከፈላችሁት ለብረት ሳይሆን ለቀለምና ለካርቶን ነው። አሉሚኒየም ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ ክብደቱ የብረት ሲሶ ስለሆነ ቀላል መሆኑ ብቻ አያስጠረጥረውም። ግን አሉሚኒየም ድንጋይ ላይ እንደ ብረት አይንሸራተትም፤ ይቦረቦራል፣ ይነክሳል። ሲሰነጠቅም ማንኛውም በያጅ አይጠግነውም። ክብደት ለሚያስጨንቀው እንጂ ድንጋይ ለሚበዛበት አልመክረውም።

ዕቃው በእጅ ከገባ የቱቦውን የፕላስቲክ ክዳን ነቅላችሁ ግድግዳውን በካሊፐር ለኩ። እግሩ ከዋናው ብረት ጋር የተገናኘበትን ብየዳ ዞሩበት፤ አስመሳዩ ከላይ በሚታየው በኩል ብቻ ተበይዶ ከስር ባዶ ይሆናል። የማሰሪያው ቀዳዳ ረጅም ስንጥቅ ከሆነ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» ለማለት የተሠራ ነውና ሲመታ ይንሸራተታል። የቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ፈልጉ። 8.8 ማለት ሊበጠስ የሚችለው በ800 ሜጋፓስካል አካባቢ፣ መለጠጥ የሚጀምረው በዚያ 80 በመቶ ላይ የሆነ ቡሎን ነው። ቁጥር የሌለውን ቡሎን ጣሉት፤ ከስላይደሩ ጋር መምጣቱ ምንም ዋስትና አይሆንም።

«ዲኦኤም» በሚባለው ቱቦ ላይ የሚጨመረው ገንዘብም ይታሰብበት። ተጠቅልሎ ከተበየደ በኋላ በቅርጽ ውስጥ በቀዝቃዛው ተስቦ የሚወጣ ቱቦ ነው፤ ከተራው ይጠነክራል፣ ልኩም ትክክል ነው። ድንጋይ ለሚያገኘው የውጭ ቱቦ ያዋጣል። ነገር ግን ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከዲኦኤም ይልቅ አራተኛ እግር ግዙ። ሁለት እግር ብቻ ያለው ስላይደር መሃሉን ሲመታ ይጎብጣል፣ ጫፉን ሲመታ ደግሞ ማሰሪያውን ይጠመዝዛል።

የሚበየደው በእርግጥ ርካሽ ነው?

መለያው ላይ አዎ። የሚበየደው ስላይደር አብዛኛውን ጊዜ ያልተቀባ ጥሬ ብረት ሆኖ ይመጣል፤ ለየመኪናው ሞዴል የተቀረጸ ማሰሪያ የለውም፣ ቡሎን የለውም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ሻጩ አይነግራችሁም። የጥሩ በያጅ ዋጋ፣ ሻንሲው ላይ የሚለጠፉት ላሜራዎች፣ ፕራይመርና ቀለም፣ ሻንሲው ውስጥ የሚረጭ የዝገት መከላከያ ሰም፣ የነዳጅና የፍሬን መስመር ፈትቶ የመመለስ ሥራ፣ መኪናው የሚቆምበት ቀን፦ ይኼን ሁሉ በወረቀት አስቀምጣችሁ ደምሩ። ልዩነቱ ይጠብባል፤ በያጁ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልዩነት አይቀርም።

የኋላው ወጪ ደግሞ አለ። በቡሎን የታሰረው አንድ ጎኑ ሲጣመም ያ ጎን ብቻ ይፈታል፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጎን ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ። የተበየደው ሲጣመም በግራይንደር ይቆረጣል፣ ሻንሲው ይሞረዳል፣ አዲሱም አንዴ በሙቀት በተጎዳው ብረት ላይ ይበየዳል። መኪናው ሲሸጥ የቡሎኑን ፈትታችሁ ለብቻው ትሸጡታላችሁ፤ የተበየደው ግን መኪናው ስር ገብቶ ለሚያይ ገዢ የዋጋ መከራከሪያ ነው። የቡሎኑ ወጪ የሚከብደው በማጓጓዣው ነው፤ ዕቃው ረጅምም ከባድም ስለሆነ አጓጓዡ አንዳንዴ በርዝመት ያስከፍላል። ሁለት ሻጭ ስታወዳድሩ ማጓጓዣውን ሳትጨምሩ አታወዳድሩ።

አዲስ ሻንሲ ላይ ብየዳ የምቃወምበት ዋናው ምክንያት ግን ገንዘብ ሳይሆን ዝገት ነው። ሻንሲው ከፋብሪካ ሲወጣ ውጩም ውስጡም በዝገት መከላከያ ቀለም ተነክሮ ነው። ከውጭ ስትበይዱ በዚያው ትክክል ከውስጥ ያለው ሽፋን ይቃጠላል። ከውጭ ቀለም ቀብታችሁ ታሳምሩታላችሁ፤ ውስጡ እርጥበትና ጭቃ ባለበት ሳጥን ውስጥ ራቁቱን ይቀራል። የዝገቱ ቀዳዳ ከዓመታት በኋላ በውጭ ሲታይ ሥራው ከውስጥ ካለቀ ቆይቷል። የዘመኑ ሻንሲዎች ደግሞ ጠንካራ ቅይጥ ብረት ይበዛባቸዋል፤ ሙቀት ያገኘው አካባቢ ጥንካሬው ይቀንሳል። ዋስትናውንም ብየዳ ከተነካ በኋላ ተከራክሮ ማስከበር ከባድ ነው።

ሻንሲው አርጅቶ ለመበየድ የወሰነ ሰው ቢያንስ እነዚህን አይለፍ። የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ያንሳ። የብየዳ ማሽኑን የመሬት ገመድ የሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ በተሞረደ ብረት ላይ ያሲዝ፤ ራቅ ካለ ኤሌክትሪኩ በቤሪንግና በኮምፒውተሩ መሬት በኩል መንገዱን ይፈልጋል። የእግሩ ቱቦላሬ በቀጥታ ሻንሲው ላይ አይለጠፍ፤ በመሃል 5 ሚሜ ላሜራ ይግባ፣ ላሜራውም አራት ማዕዘን ሳይሆን ጫፉ እንደ አልማዝ የሾለ ይሁን። ሻንሲውን ከላይ ወደ ታች አቋርጦ የሚሄድ የብየዳ መስመር የስንጥቅ መነሻ ነው፤ ብየዳው በሻንሲው ርዝመት ወይም በሰያፍ ይሂድ። አጭር አጭር እየበየዱ ቦታ መቀያየር ሻንሲው እንዳይጣመም ይረዳል።

ቡሎኑ የሚያስቸግርበት ቦታ

በቡሎን የሚታሰረውን ስላወደስኩ ችግር የለውም ማለት አይደለም። ችግሩ በአብዛኛው ጥርስ ላይ ነው። ሻንሲው ላይ ከፋብሪካ የተበየዱ ዳዶዎች አሉ፤ ጥሩ ስላይደር እነሱን ይጠቀማል። የጃፓን መኪኖች ላይ ኤም10 (ለ10 ሚሜ ቡሎን የሚሆን) ዳዶ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 1.25 ሚሜ ነው። ተራው የገበያ ኤም10 ቡሎን ደግሞ 1.5 ነው። ርካሽ ዕቃ 1.5 ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ዙር ይገባና ይይዛል፣ ገጣሚው ቀለም መስሎት በረጅም መፍቻ ይጫነዋል፣ ጥርሱ ያልቃል ወይም ዳዶው ከሻንሲው ተላቆ ውስጥ ይሽከረከራል። ሳጥን ሻንሲ ውስጥ የሚሽከረከር ዳዶ መያዣ የለውም፤ ሻንሲውን ቀዶ ከመግባት በቀር መላ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማንኛውም ቡሎን መፍቻ ሳይነካው በጣት ብቻ ቢያንስ አራት አምስት ዙር መግባት አለበት። ካልገባ መጀመሪያ የቡሎኑን ጥርስ ልክ እዩ፤ ልኩ ትክክል ከሆነ ጥርሱ ውስጥ የፋብሪካ ቀለምና ሰም ይኖራል፤ በትክክለኛው ልክ ታፕ (የጥርስ ማውጫ) አጽዱት፣ ከዚያ ደግማችሁ ሞክሩ።

ሁለተኛው ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር አልፎ የሚታሰር ቡሎን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ባዶ ስለሆነ ቡሎኑ ሲጠብቅ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ፤ የጠበቀ የመሰለው ቡሎን በማግሥቱ ላላ። እንዲህ ያለ ማሰሪያ በቀዳዳው ውስጥ የሚገባ የቱቦ መከላከያ ይዞ ካልመጣ አይገዛም። ሦስተኛው እንደ ባሌስትራ ማሰሪያ ሻንሲውን የሚጠመጥም ዩ-ቦልት ነው። ብቻውን የታሰረ ስላይደር በርዝመቱ ይንሸራተታል፣ ማዕዘኑ ላይ ቀለሙን ይበላና የዝገት መስመር ይሠራል። ከፋብሪካ ዳዶዎች ጋር እንደ ተጨማሪ ከሆነ ግን ጥሩ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ቀለሙ ነው። ወፍራም ፓውደር ኮት (በዱቄት ተረጭቶ በሙቀት የሚጋገር ቀለም) ሮንዴላው ስር ሲቀር ከጭነቱ ብዛት እየተጨፈለቀ ይሳሳል፤ ቡሎኑ ሳይዞር ጥብቀቱን ያጣል። ሮንዴላው የሚያርፍበትንና ላሜራው ሻንሲውን የሚነካበትን ቦታ ስስ እስኪሆን ሞርዳችሁ በስስ ፕራይመር ተኩት። ፓውደር ኮት ራሱም ድንጋይ ሲልጠው ዝገቱ በስሩ ይሄዳል። ሻጩ ያልተቀባውን በቅናሽ ካቀረበ ተቀበሉ፤ ፕራይመርና በቆርቆሮ የሚረጭ ጥቁር ቀለም በየጊዜው ማደስ ቀላል ነው።

አገጣጠሙ

ሁለት ሰው፣ ክሪክና ጠፍጣፋ እንጨት ይበቃል። መጀመሪያ መኪናው ስር ገብታችሁ በሁለቱም በኩል የነዳጅና የፍሬን መስመር፣ የሽቦ ጥቅልና ማርሚታ በየት እንደሚያልፉ እዩ፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ማሰሪያዎቹም ስለዚህ ይለያያሉ። ላሜራው የሻንሲውን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ እንዳይደፍን ተጠንቀቁ። ስላይደሩን በክሪኩ አንሡት፣ ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ ብቻ አስገቡ፤ አንዱን አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ የመጨረሻው ቀዳዳ እንዳይገጥም ያደርጋል። ከበሩ ስር ጠርዝ እስከ ስላይደሩ በፊትም በኋላም እኩል ክፍተት ይኑር፣ ቢያንስ 15–20 ሚሜ። ቦዲው በጎሚኒ ላይ ስለሚንቀሳቀስ፣ ስላይደሩም ሲጫን በትንሹ ስለሚነሳ ከዚያ ያነሰ ክፍተት ይጋጫል። ጎማውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙራችሁ የፊቱን ጫፍ እንደማይነካ አረጋግጡ።

ከዚያ ከመሃለኛው እግር ጀምራችሁ ወደ ጫፍ አጥብቁ። የአምራቹ ወረቀት ሌላ ካላዘዘ ለ8.8 ቡሎን ኤም8 በ25፣ ኤም10 በ45–50፣ ኤም12 በ80–85 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ በቶርክ መፍቻ እንጂ በግምት አይሁን። የጠበቀውን ቡሎን ራስና ላሜራውን አቋርጦ የሚያልፍ የቀለም መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ዞሯል።

ቀጥሎ ክሪኩን ከስላይደሩ እግር አጠገብ አድርጋችሁ ጎማዎቹ መሬት እስኪለቁ አንሡ። በሩ በዚያ ሁኔታ ተከፍቶ ይዘጋል? ክፍተቱ አለ? ካለ ሥራው ተሠርቷል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያም 1000 ሲሞላና ድንጋይ በመታችሁ ቁጥር መስመሮቹን እዩ፤ የላላውን በቶርክ መፍቻ መልሱ፣ ደጋግሞ የሚላላ ቡሎን ካለ ግን አታጥብቁት፤ ፈትታችሁ ከስሩ የተጨፈለቀ ቀለም ወይም የጎበጠ ግድግዳ ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለቀሩት፦ ሻንሲ የሌላቸው መኪኖች ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዲፌንደር ቦዲውና ሻንሲው አንድ አካል የሆነ አሉሚኒየም ነው፤ የብረት ስላይደር ልበይድበት ማለት አይታሰብም። ለእንዲህ ያለው ለዚያው ሞዴል የተሠራ፣ በፋብሪካው መንጠልጠያ ነጥቦች የሚታሰር ብቻ ፈልጉ፤ አሉሚኒየሙ ብረቱን በሚነካበት ቦታ ሁሉ የሚለያይ ሽፋን መኖሩንም ሻጩን ጠይቁ።