ኦቲዝም ላለበት ልጅ ቪአር፦ የትኛውን ልግዛ ለምትሉ ወላጆች

"ልጄ ከሰው ጋር እንዲግባባ ቪአር ይጠቅመዋል ሲሉ ሰማሁ። የትኛውን ልግዛ?" ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) ልጁ በኮምፒውተር በተሠራ ዓለም ውስጥ ያለ እንዲመስለው የሚያደርግ ቴክኖሎጂ ነው። መልሱ የሚከብደው ገበያው ላይ "ቪአር" የሚባሉት ነገሮች እርስ በርስ ስለማይመሳሰሉ ነው። አንዱ መነጽር ነው። አንዱ መነጽሩ ላይ የሚጫን ትምህርት ነው። አንዱ ሙሉ ክፍል ነው። አንዱ ደግሞ ቤት ባለ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ገንዘባችሁን ለምስል ጥራት አታውጡ። ልጁ የሚያየውን አብሮ የሚያይ፣ ሲጨነቅ ቶሎ የሚያስቆም፣ ነገ ደግሞ እውነተኛው ቦታ ይዞት የሚሄድ ትልቅ ሰው ያለበትን አማራጭ ምረጡ። ሁሉንም የማወዳድረው በዚህ ነው።

ፍሎሪዮ እና ሜታ ኩዌስት

እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ሜታ ኩዌስት ዕቃው ነው፤ ጌም ለመጫወትና ፊልም ለማየት የተሠራ መነጽር። ፍሎሪዮ ግን ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ተብሎ የተዘጋጀ፣ በመነጽር ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቪጄይ ራቪንድራን ነው። ቀድሞ በዋሽንግተን ፖስት ኩባንያ የዲጂታል ሥራ ኃላፊ ነበር፤ የኦቲዝም ልጅ አባትም ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ልጁ መነጽሩን ሲያጠልቅ ነው። በፍሎሪዮ ቴራፒስቱ ወይም ወላጁ ልጁ የሚያየውን በሌላ ስክሪን ይከታተላል። ትዕይንቱን ራሱ ያስጀምራል፣ ያቆማል፣ ይለውጣል። ትምህርቶቹ አጫጭር ናቸው። ሌላ ሰው የሚያሳየውን ነገር አብሮ ማየት፣ መንገድ መሻገር፣ ፖሊስ ሲያናግር ተረጋግቶ መመለስ፣ እነዚህን የመሳሰሉ።

ተራ ኩዌስት ገዝታችሁ ጌም ብትጭኑበት ግን ልጁ ወደዚያ ዓለም የሚገባው ብቻውን ነው። የሚያየውን ወደ ስልክ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ውስጥ ያለው ነገር ግን ለእሱ ተብሎ አልተዘጋጀም። በተለይ የማያውቃቸው ሰዎች በድምፅ የሚያወሩባቸውን መተግበሪያዎች "ሰው ይለማመድበት" ብላችሁ አትክፈቱለት። እዚያ ስድብም ማታለልም አለ። የሰውን ስሜት ከድምፅና ከፊት ማንበብ ለሚቸገር ልጅ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው።

የፖሊሱ ትምህርት ላይ ትንሽ ልቆይ። አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ወላጅ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ልጁ አድጓል፣ ቁመቱ አባቱን አልፏል፣ ቆዳው ጥቁር ነው። "እጅህን አሳይ" ሲባል ጆሮውን በእጁ ቢደፍንስ? ቢሮጥስ? ይህን ትምህርት የፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ፈትሸውታል። በ2020 የወጣው ጥናታቸው ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ በንግግር በደንብ የሚግባቡ 60 ሰዎችን ያሳተፈ ነው። ጥናቱ የመዘነው መነጽሩ ሳይጎዳቸው ሊጠቀሙበት መቻላቸውን ነው። በጎ ጅምር ነው። ሆኖም ጥናቱ የማይናገሩ ልጆችን እንዳላካተተ ልብ በሉ። ልጃችሁ ገና ቃል ያልያዘ ከሆነ ሻጩ ይህን ጥናት እያነሳ ቢያግባባችሁ ለእናንተ ብዙ አይነግራችሁም።

ሌላም አለ። ፍሎሪዮ በ2023 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር "ብሬክስሩ ዲቫይስ" የሚባል ስያሜ አግኝቷል። ይህ መሥሪያ ቤቱ ምርቱን ቅድሚያ ሰጥቶ ለመገምገም መስማማቱን ያሳያል። "ተፈቅዷል፣ ይሠራል" ማለት ግን አይደለም። ማስታወቂያ ላይ ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ።

ዕድሜና ጭንቅላት

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ምርጫው ያልቅለታል። ሜታ በ2023 የዕድሜ ገደቡን ከ13 ወደ 10 ዓመት አውርዷል፤ ያውም በወላጅ ቁጥጥር ስር በሚከፈት አካውንት። የሶኒው ፕሌይስቴሽን ቪአር 2 ከ12 ዓመት ጀምሮ ነው። የአፕሉ ቪዥን ፕሮ ከ13። የአፕሉ ሲወጣ 3,499 ዶላር ነበር፤ ለዚህ ዓላማ አስቡትም አልልም። ስለዚህ ልጃችሁ 6 ዓመቱ ከሆነ እነዚህን መነጽሮች ቤት ውስጥ አትግዙለት።

ኩዌስት 3 እና 3ኤስ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ፊቱን ሰው ሲነካው የሚጮህ፣ ኮፍያ የማያስቀምጥ፣ ፀጉር ቤት የሚያለቅስ ልጅ ይህን ጭንቅላቱ ላይ ይሸከም እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ። የዋና መነጽር አድርጉለትና ተመልከቱ። መጀመሪያ ለአፍታ፣ ከዚያ ትንሽ ረዘም አድርጉት። እምቢ ካለ አታስገድዱት። እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

የሚጥል በሽታ ጉዳይም አለ። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች ይልቅ በብዛት ይታያል። የኩዌስት አምራች ሜታ ራሱ ከ4,000 ሰዎች አንዱ ገደማ ከብልጭታ የተነሳ ከባድ መፍዘዝ ወይም መንቀጥቀጥ ሊገጥመው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ልጁ አንድ ጊዜ እንኳ ወድቆ ከነበረ ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

መነጽር የሌለው ቪአር

ሻጮች ብዙም የማያነሱት ይህን ነው፤ ለእኔ ግን ደህና ውጤት የታየው እዚህ ነው። በ2016 የወጣ የዳላስ፣ ቴክሳስ ጥናት ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 16 የሆኑ 30 ልጆችን ይዟል። ማንም መነጽር አላደረገም። በተራ ኮምፒውተር ላይ፣ በምናባዊ ትምህርት ቤትና መንደር ውስጥ፣ ከሠለጠነ ሰው ጋር በ5 ሳምንት 10 ጊዜ ተለማመዱ። በመጨረሻ የሰውን ስሜት ከፊት መለየትና የሌላውን ሐሳብ መረዳት ላይ መሻሻል ታይቷል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ደግሞ ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች ግድግዳው ላይ ትዕይንት በሚታይበት ክፍል ለ14 ሳምንት 28 ጊዜ ሠልጥነው፣ ስሜታቸውን በመግለጽና በመቆጣጠር ረገድ ለውጥ ተገኝቷል።

እንግሊዝ ያላችሁ "ብሉ ሩም" የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያጠኑት ክፍል ነው። ልጁ ከቴራፒስት ጋር ይገባል፤ የሚፈራው ነገር ቀስ እያለ ይቀርብለታል። አውቶቡስ ሊሆን ይችላል፣ ሱቅ ሊሆን ይችላል፣ ውሻ ሊሆን ይችላል። በ2014 በወጣው የመጀመሪያ ጥናት ከ9 ወንዶች ልጆች 8ቱ የሚፈሩትን ነገር በተሻለ ሁኔታ መጋፈጥ ችለዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ዓላማውም ፍርሃትን ማቅለል ነው። ግን አውቶቡስ መሳፈር የማይችል ልጅ ጓደኛ የሚያገኝበት ቦታም መድረስ አይችልም። ይህ የሚገዛ ሳይሆን ሪፈራል የሚጠየቅበት አገልግሎት ነው።

ካርቶን መነጽር

ስልክ የሚገባበት ርካሽ መነጽር ለሙከራ ይሆናል። ጉግል የራሱን "ካርድቦርድ" በ2021 መሸጥ አቁሟል፤ ሌሎች አምራቾች ግን ይሸጣሉ። ልጁ ነገሩን ይወደው አይወደው ለማየት ይበቃል። ለመደበኛ ሥልጠና አልመክረውም።

ቋንቋውስ?

አዲስ አበባ ላላችሁ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ ነው። ትዕይንቱም የእነሱ ካፍቴሪያ፣ የእነሱ ትምህርት ቤት ነው። የእኛ ልጅ መልመድ ያለበት ሌላ ነገር ነው። እንግዳ ሲገባ መነሳት፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም፣ ታክሲ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ፣ ጉርሻ ሲመጣ መቀበል ወይም በጨዋ ደንብ "በቃኝ" ማለት። መነካት የሚያስጨንቀው ልጅ በበዓል ቀን ምን ያህል እንደሚፈተን የቤቱ ሰው ያውቃል። ይህን የሚያስተምር መነጽር የለም።

ስለዚህ በዚያ ገንዘብ ምትክ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ታላቅ እህቱ ገብታ ሰላም ስትል፣ እጇን ስትዘረጋ፣ ስትቀመጥ፣ አጭር አድርጋችሁ። ልጁ ደጋግሞ ይየው፤ ከዚያ ከእሷ ጋር ይሞክረው፤ ከዚያ ከአክስቱ ጋር። በቪዲዮ አርአያነት ማስተማር ከቪአር በፊትም ረጅም ጥናት ያለው ዘዴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል፤ ከ2022 ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጥ መልክም አለው። ጆይ ወይም ነህምያ ኦቲዝም ማዕከል አካባቢ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።

እኔ ብሆን የምመርጠው

ልጁ 12 ዓመት ካለፈው፣ በእንግሊዝኛ የሚግባባ ከሆነና አሜሪካ ከሆናችሁ፣ ፍሎሪዮን በቴራፒስት በኩል ሞክሩ። ቴራፒስቱ የፕሮግራሙ መጠቀሚያ ፈቃድ ካለው መነጽር መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ኢንሹራንሳችሁ ወይም ሜዲኬይድ ይሸፍን እንደሆነም ጠይቁ። ኩዌስት 3ኤስ በ2024 ሲወጣ ከ300 ዶላር ጀምሮ ነበር፤ የፕሮግራሙ ክፍያ ለብቻው ነው። ልጁ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ በኮምፒውተር ወይም በክፍል የሚሠራውን ፈልጉ። አገር ቤት ከሆናችሁ ቪዲዮውና የወላጅ ሥልጠናው ይቅደም።

የትኛውንም ብትመርጡ "ዓይን ለዓይን ማየት ያስተምራል" የሚል ብቻ ከሆነ ተዉት። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ዓይን እንዲያዩ መገደድ ምን ያህል እንዳሠቃያቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ልጁ "አልፈልግም" ማለትን፣ እርዳታ መጠየቅን፣ ተራ መጠበቅን የሚለማመድበትን ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ልጁ መነጽሩን ካልተቀበለ እስከ መቼ መመለስ ይቻላል? እኔስ እሱ የሚያየውን በምን ላይ ነው የማየው?