አዘዞ ላይ ላገኘናቸው መካኒክ፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ኅሊናዬ አያስተኛኝም። ጎንደር ውስጥ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሦስት ዓመታችን ነው። ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ "ጎርጎራ እንሄዳለን" እንባባላለን። ሩቅ አይደለም፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ ስልኩ ላይ ሰዎች ጣውላ ላይ ቆመው የባሕር ማዕበል ሲጋልቡ ባየ ቁጥር "እኛስ ባሕራችንን መቼ ነው የምናየው?" ይለኛል። የእኛ ባሕር ጣና ነው። ግን ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይፈጠራል። ያ አንድ ነገር ሁልጊዜ መኪናችን ነው።

መኪናው አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ነው። የባለቤቴ አባት ትተውለት ያለፉት ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ሽጡትና ተገላገሉ ያለን ሰው ብዙ ነው። ባለቤቴ ግን አይሰማም። አባቱ መሪው ላይ የጠቀለሉት ጨርቅ እንኳ እስካሁን አልተፈታም።

ችግሩ ሙቀት ነው። ትንሽ ከሄደ ሙቀት ይሠራል። መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ (ስሙን አልጠራም፣ እግዚአብሔር ይፍረድ) ሁለት ሳምንት አቆሙብን። በሄድን ቁጥር "ነገ ኑ" ነው። ነገ ስንሄድ መኪናው ከቆመበት አልተነቃነቀም፣ አቧራው ላይ ልጆች ስማቸውን ጽፈውበታል። በመጨረሻ 18 ሺህ ብር ከፍለን አወጣነው። ምን እንደተቀየረ ስንጠይቅ "ብንነግራችሁም አይገባችሁም" ተባልን። ማርያምን እንዲህ ነው ያሉን! ቤት ደርሰን የኋላውን ስንከፍት ክሪኩ የለም። የሞላነው ነዳጅም ወርዷል። በሦስተኛው ቀን ያው ሙቀት ተመለሰ።

ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ባሰ። አንዱ ኮፈኑን ከፈተ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳያይ "ቴስታታው ሄዷል፣ ሞተር ይወርዳል" አለ። 65 ሺህ ብር። ቴስታታ ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የማውቀው የባለቤቴን ፊት ነው። ያን ቀን ማታ ራት አልበላም። "መሸጡ ሳይሻል አይቀርም" አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ "ግን አንድ ጊዜ በአባቴ መኪና ጎርጎራ ልውሰድሽ፣ ከዚያ ይሸጣል" አለ።

እንደዚህ ሆነን ነው እንግዲህ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከማራኪ የተነሣነው። ዳቦ ቆሎ ይዣለሁ፣ በፔርሙዝ ሻይ ይዣለሁ። አዘዞን እንኳ ሳንወጣ የሙቀት ጠቋሚው ወደ ላይ ወጣ። ከኮፈኑ ሥር ጭስ የመሰለ እንፋሎት መጣ። ዳር ይዘን ቆምን። ዕንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ባለቤቴ ተናዶ ኮፈኑን ከፈተና የራዲያተሩን ክዳን ሊፈታ እጁን ሰደደ። ያኔ ከመንገዱ ማዶ "አንተ ልጅ! እንዳትነካው!" የሚል ድምፅ ሰማን። ቱታ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ መጥተው የባለቤቴን እጅ ያዙት። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ቆዳቸው የተጨማደደ ጠባሳ ነው። "ይኸውልህ፣ በወጣትነቴ እንዳንተ ቸኩዬ ነው። ውስጡ የፈላ ውኃ ነው፣ ሲከፍቱት ይዘላል" አሉት።

የባለቤቴ ፊት ያን ዕለት ምን ይሆን እንደነበር ባሰብኩ ቁጥር ይዘገንነኛል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ለዚህች ብቻ ዕድሜ ልኬን ባመሰግናቸው አይበዛም።

"መኪናም እንደ ሰው ነው፣ ሲቆጣ አይነኩትም። ይብረድለት" አሉና ጥላ ሥር አስቀመጡን። ጎረቤታቸው ከምታፈላው ሁለት ስኒ ቡና አዘዙልን። ሂሳቡን ልክፈል ብል "እንግዳ አይከፍልም" ብለው ከለከሉኝ። አስቡት፣ መንገድ ላይ ተበላሽቶባቸው የቆሙ ሰዎች ነን እኮ! አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን።

ሲበርድ ውኃ ሞሉና አስነሡት። ረዳታቸውን ዝም አሰኙት። ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። በእጃቸው ከታች ከታች እየዳበሱ ሄዱና ባለቤቴን ጠሩት። "ጣትህን እዚህ አድርግ።" አደረገ። ርጥብ ነው። "ይቺ ናት። ሲቀዘቅዝ ትገጥማለች፣ ሲሞቅ ትከፈታለች። ለዚህ ነው ሰዎቹ ያላዩዋት" አሉ። የራዲያተሩን የውኃ ማስተላለፊያ ጎማ አውጥተው አጠፍ ሲያደርጓት እኔም አየሁ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ! ለዚህች ነው 18 ሺህ የከፈልነው። ለዚህች ነው ሞተር ይወርዳል የተባልነው። እሳቸው ግን ማንንም አላሙም።

ስንት ከፈልን? ከነዕቃው 1,200 ብር። አሮጌዋን ጎማ በጋዜጣ ጠቅልለው "የናንተ ዕቃ ናት" ብለው ሰጡን። ከጠቋሚው መስታወት ላይ በነጭ ቀለም አንድ ነጥብ አድርገው "ከዚህች ካለፈች ቁሙ። ክዳን አትንኩ፣ ደውሉልኝ" አሉን። ከዚያ ደግሞ ዝም ብለው ከኋላ ገቡ! ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር አብረውን ሄደው፣ ጠቋሚዋ እንዳልተነቃነቀች አይተው፣ በባጃጅ ተመለሱ። የባጃጁን እንኳ አልተቀበሉንም። "ወደ ጣና ቁልቁለት ነው፣ ይቀለዋል። ዳገቱ ስትመለሱ ነው። ነገ ሳላየው እንዳታልፉ" አሉን።

ጎርጎራን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ቆላድባን አልፈን የደምቢያን ሜዳ ስናቋርጥ እኔ ዓይኔ ከነጭዋ ነጥብ አልተነሣም። ጯሂትን ካለፍን በኋላ ነው እፎይ ያልኩት። ከዚያ ውኃው መጣ። መጨረሻ የለውም። ለካ ባሕር የሚባለው ወዶ አይደለም! አንድ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ለፀሐይ አቁሞ ሲያደርቅ አየን። ዳጣ የቀረበበት የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ በላን። አዲሱን ሎጅ ከሩቅ አየነው፣ ያደርነው ግን ለኪሳችን በሚሆን ትንሽ ክፍል ነው። ደብረ ሲና ማርያም ገብተን ተሳለምን። ጣሪያዋ ሣር የሆነች፣ ግድግዳዋ በጥንት ሥዕል የተሞላች፣ ስትገቡባት ድምፃችሁ የሚጠፋባት ቤተ ክርስቲያን ናት። እዚያ ቆሜ ለእኚያ ሽማግሌ ጸለይኩ።

ማታ ባለቤቴ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውኃው ውስጥ ነከረ። ብዙ አወራኝ፣ ስለ አባቱ። በሦስት ዓመት ያላወራኝን ነው ያን ቀን ያወራኝ። በመሐል ስልክ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። "ልጄ፣ ገባችሁ ወይ? ጠቋሚዋ የት ነበረች?" ከፍለን የጨረስን ሰዎች ነን። ማን ነው በዚህ ዘመን ከፍሎ የሄደ ደንበኛ ደረሰ አልደረሰ ብሎ የሚደውል?

እሁድ ስንመለስ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ በራቸው ላይ ቆመው ነው ያገኘናቸው። ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ነው። ጋቢያቸውን ለረዳታቸው ሰጥተው ኮፈኑን ከፈቱ። ብር ስናወጣ "ዛሬ ሰንበት ነው፣ ይህ ሥራ አይደለም" አሉን። ያመጣንላቸውን ዓሣ ግን በስንት ልመና ተቀበሉ። አርባ አራቱ ታቦት ይጠብቃቸው። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው፣ እጃቸው ይባረክ።

መኪናው አይሸጥም። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ስለ መሸጥ አንድ ቃል አላነሣም።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ ቃሌን እጠብቃለሁ። ቤታቸው ላይ ታፔላ የለም፣ ዝም ብላችሁ ብታልፉ አታገኙትም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። እባካችሁ ሂዱ። "ሞተር ይወርዳል" የተባላችሁ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ እሳቸው ይዩላችሁ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ወረፋ አለ። ቸኩለናል አትበሏቸው፣ መኪናው ካልበረደ አይነኩም። የዲኤክሶቹ ባልና ሚስት ልከውን ነው በሏቸው።