ሙሽሮች ከአማት ጋር የሚከራዩት ቤት፦ ለገጣፎ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ወይስ ጀሞ?

ወንድሜ ጥር ላይ አገባ። ሙሽሮቹ መጀመሪያ የገቡት አንድ ክፍል ቤት ነበር፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ግን ሁለት ሰው አይደሉም። እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ አብራቸው እንድትኖር ከሠርጉ በፊት ተነጋግረን ጨርሰናል። የሙሽሪት ታናሽ እህት ደግሞ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ቅዳሜና እሁድ ከዶርም የሚታጠብ ልብሷን ተሸክማ ትመጣለች። በዚያ ላይ ለሐኪም ቀጠሮ የሚመጣ አጎት አለ፣ ለጉዳይ የሚመጣ የአጎት ልጅ አለ። መሃል ከተማ ይህን ሁሉ ሰው የሚይዝ ቤት ልከራይ ካልክ የሁለቱን ደሞዝ ጠራርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ዳር ዳሩን ማየት ጀመርን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ወንድሜ ሥራው ሜክሲኮ ነው። ባለቤቱ ነርስ ናት፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ፣ የማታ ተረኝነት አላት። የእናንተ ሥራ ቦሌ ወይም መገናኛ ከሆነ የኔ ደረጃ ሊገለበጥባችሁ ይችላል።

ለገጣፎን ያመጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ምክንያታቸው አንድ ነው፦ የደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ነው። ዘመድ ሲመጣ ላም በረት መናኸሪያ ሳይደርስ እዚያው ይወርዳል፣ እማዬም አገሯ ለቅሶ ሲኖር በማለዳ ተነስታ ትሄዳለች። እውነታቸውን ነው። ያየነው ቤት ግቢ ያለው ነበር፣ ሦስት መኝታ ከኋላው ሰርቪስ ክፍል ያለው፣ ጓሮው ላይ ጌሾና ሁለት እግር ኮክ። እማዬ በሩን አልፋ እንደገባች ጌሾውን በእጇ ዳሰሰችው፣ በቃ፣ ልቧ እዚያ ቀረ። እኔም ብሆን ወደድኩት። ሰርቪሱ ለብቻው መጸዳጃ ነበረው፣ ለእንግዳ የሚሆን ነው። ለተቀላቀለ ቤተሰብ እንደ ግቢ ቤት የሚሆን የለም፣ ተኮራርፎ እንኳን ቢሆን አንዱ ጓሮ አንዱ በረንዳ ይቀመጣል።

ደላላው "ውሃ አይቋረጥም" አለን። ይህን ሲል የቆመው ሦስት በርሜል አጠገብ ነው! ሦስቱም ሙሉ፣ ሦስቱም በፕላስቲክ የተሸፈኑ። ውሃ የማይቋረጥበት ቤት በርሜል ምን ይሠራል? ጎረቤት ጠየቅን። በተራ ይመጣል፣ አንዳንዴ ተራውም ይዘለላል፣ ያኔ በጋሪ ይገዛል። የአዲስ አበባን ውሃ የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ እዚያው ጎረቤት ሆኖ! ይህንን ግን ይቅር ልንለው እንችል ነበር፣ በርሜልማ ለማን ብርቅ ነው። ይቅር ያላልነው መንገዱን ነው። ሙሽሪት የማታ ተራዋን ጨርሳ ጠዋት ከጦር ኃይሎች ስትነሳ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለባት፣ ቤት ደርሳ የምትተኛው ሰው ቡና ሲያፈላ ነው። ለገጣፎ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ ክልል ባለው ሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ የመታወቂያና መሰል ጉዳዮችም እዚያው ነው የሚያልቁት፣ ይህንንም አስቡበት። ጡረታ ለወጣ ሰው አምስት ከአምስት እሰጠዋለሁ። ለነዚህ ሁለት ልጆች ሁለት።

የካ አባዶ ካርታ ላይ ሲታይ የሚያጓጓ ነው። አያት ቅርብ ነው፣ ከአያት ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች ድረስ ይሄዳል። የወንድሜም የሚስቱም ሥራ አንድ ሐዲድ ላይ! ወንድሜ ካርታውን ለሁላችንም በቴሌግራም ላከ፣ ነገሩ ያለቀ መሰለው። ከአባዶ አያት ለመድረስ ግን መጀመሪያ ታክሲ ትሰለፋለህ። አያት ደርሰህ ባቡር ትጠብቃለህ። ባቡሩ ሲመጣ ደግሞ ሰው በር ላይ ተጣብቆ ነው፣ ከአያት ተሳፍረህ ቦታ ብታገኝ እንኳን ስትመለስ ቆመህ ነው። እሺ ይሁን፣ ርካሽ ነው፣ የመኪና መጨናነቅ አያግደውም። ነርሷ ግን ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ከሥራ ብትወጣ ምን ይዛ ነው የምትመጣው? በሜትር ታክሲ ከጦር ኃይሎች አባዶ የሚከፈለውን በወር አስሉት፣ የቤት ኪራዩ ርካሽነት እዚያ ላይ ያልቃል።

ከዚያ ውጪ አባዶ የሚወደድ ሰፈር ነው። ሰፋ ያለ ነው፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ልጆች ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። ስለ ብርዱ ብዙ ሰው አስፈራርቶን ነበር። እማዬ ነጠላዋን እንኳን ሳታጣፋ "ይሄ ነው ብርዱ?" አለች። የደብረ ብርሃን ሰው ጋር ስለ ብርድ ክርክር ባይገቡ ይሻላል።

ኮዬ ፈጬን በአጭሩ ልለፈው። ካየናቸው ሁሉ ኪራዩ ርካሹ እሱ ነው፣ ለተማሪዋም ግቢዋ አፍንጫዋ ሥር ነው። ሰፈሩ ከመጀመሪያው ብዙ ተሻሽሏል፣ ሱቁም ፋርማሲውም ዳቦ ቤቱም ገብቷል። አፈሩ ግን መረሬ ነው። በክረምት ከአስፋልት የወረደ ሰው ጫማው ሁለት ኪሎ ይሆናል፣ እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ያየነው ብሎክ ላይ ግድግዳው ተሰንጥቆ በስሚንቶ ተለስኖ ነበር፣ ልስኑ ራሱ ደግሞ እንደገና ተሰንጥቋል። ከዚያ ሜክሲኮ በየቀኑ መመላለስ ለወንድሜ አልታየኝም። ሥራችሁ ቂሊንጦ ወይም ቃሊቲ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ አትድከሙ፣ እሱን ውሰዱ።

ቀረ ጀሞ። ጀሞ አንድ የሚባለው የቆየ የኮንዶሚኒየም ሳይት ነው፣ ዛፉ አድጓል፣ እድሩ ተደራጅቷል፣ ታክሲው ሜክሲኮ ድረስ ቀጥታ ነው። በአየር ጤና በኩል ደግሞ ጦር ኃይሎች ቅርብ ነው። መጥፎው ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት ከ1 ሰዓት በኋላ ከወጣህ መካኒሳ ላይ በመኪና መጨናነቅ ተይዘህ ራዲዮ ትሰማለህ። ጫጫታው ሌላ ነው። ከሥር ሥጋ ቤት፣ ከጎን ግሮሰሪ፣ ፊት ለፊት የስፒከር ማስታወቂያ። ቀን ለምትተኛ ነርስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስለዚህ መንገድ ዳር ያሉትን ብሎኮች ገና ከጅምሩ ሰርዘን ወደ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው ያየነው። ኪራዩም ከአባዶና ከኮዬ ይከብዳል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር የመጣው። ሁላችንም "ባለ ሦስት መኝታ" እያልን ነበር የምንፈልገው። አንድ ለሙሽሮች፣ አንድ ለእማዬ፣ አንድ ለተማሪዋና ለእንግዳ። በወረቀት ላይ ልክ ነው። ጀሞ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም አየን፣ ሦስተኛ ፎቅ። የሙሽሮቹ መኝታና የእማዬ መኝታ የሚጋሩት አንድ የብሎኬት ግድግዳ ነው። እኔ ስልኬን አንዱ ክፍል ዜና ከፍቼ አስቀመጥኩት፣ በሩን ዘግቼ ሌላው ክፍል ገባሁ። ዜና አንባቢው የሚለውን ቃል በቃል ሰማሁ። ድምፁን ቀነስኩት፣ አሁንም ይሰማል። ሙሽሪት አንገቷን ደፋች፣ ወንድሜ መስኮት ማየት ጀመረ። ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ኩሽናውን ደግሞ እዩት። ምጣዱ አንድ ጥግ ሲቀመጥ አክንባሎው የሚያርፍበት ቦታ የለም፣ በሩን ከፍተህ ነው የምትጋግረው፣ ጭሱና እንፋሎቱ ሳሎን ይገባል። አማትና ምራት እዚያ ውስጥ እኩል አይቆሙም። ማን ይወጣል? ልጅቷ ትወጣለች፣ አክብራ። ከወር በኋላ በገዛ ቤቷ ኩሽና እንግዳ ናት። መጸዳጃው አንድ ነው፣ በሩም ሳሎን ላይ ነው የሚከፈተው፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠ እንግዳ ማን ገባ ማን ወጣ ይቆጥራል። ደረጃውም አለ። ሊፍት የለም፣ ሦስተኛ ፎቅ የወጣች የጉልበት ሕመምተኛ እናት በሳምንት ስንቴ ትወርዳለች? ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው እሁድ ብቻ ይሆናል፣ እድር ላይ "አሞኛል" ማለት ትጀምራለች፣ ቀስ በቀስ ቤት ተቀምጣ ምራቷ ስንት ሰዓት ገባች የምትል ሴት ትሆናለች። እናቴ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለችም። ፎቁ ያደርጋታል እንጂ።

ሐሳቡን ያመጣችው ሙሽሪት ናት። "ጋሼ፣ አንድ ትልቅ ከምንከራይ ለምን ሁለት ትንንሽ አንከራይም?" አለችኝ። አንድ ብሎክ ላይ ስቱዲዮ ምድር ቤት ለእማዬ፣ ባለ አንድ መኝታ ሁለተኛ ፎቅ ለነሱ። አስልተን ስናየው ሁለቱ ተደምረው ከባለ ሦስት መኝታው የሚበልጡት በጥቂት ነው። ሁለት በር፣ ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት መጸዳጃ፣ አንድ ደረጃ። ተማሪዋ እማዬ ጋር ታድራለች፣ እማዬም የምታወራው ሰው ታገኛለች። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ተቃወመ፣ "ሰው እናቱን ሌላ ቤት አስቀመጠ ይለኛል" ብሎ። ሰው የሚለውን ሲፈራ የሚኖር ሰው ኪራይም አይከፍል። እማዬ ራሷ ናት ዝም ያሰኘችው፦ "እኔ ቁልፌን እፈልጋለሁ፣ ቡናዬን በምፈልገው ሰዓት አፈላለሁ።" ምሳና እራት አንድ ላይ ነው፣ እሷ ጋር፣ ምክንያቱም ምጣዱ እሷ ቤት ነው። ይሄም ታስቦበት ነው፦ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ከምድጃና ከውሃ ማሞቂያ ጋር አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደረብ ብሬከሩ ይወርዳል። ሁለት ቤት ሁለት ቆጣሪ ነው።

ምድር ቤቱ ችግር የለበትም አልልም። ውሃ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋር ነው፣ ግፊት ሲቀንስ ላይኛዎቹ ደርቀው ምድር ቤት ይንጠባጠባል፣ እዚህ ላይ ተጠቃሚ ነን። የፍሳሽ ቧንቧ ሲዘጋም ግን ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋር ነው። ላይ ያለ ሰው ጨርቅ ወይም የሕፃን ዳይፐር ይጥላል፣ ታች ያለችው እናት ትቀጣለች። ከመፈረማችን በፊት የመጸዳጃውን ወለል ጠርዝ አየን፣ ፍሳሽ ገንፍሎ የሚያውቅ ከሆነ ሴራሚኩ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት ይተዋል። የብሎኩን ኮሚቴም ጠየቅን፣ ማንሆሉ መቼ እንደተጠረገ ያውቃሉ። የመስኮት ብረት ያስገባነው በራሳችን ወጪ ነው፣ አከራዩ "ስትወጡ ይዛችሁ ሂዱ" አለን፣ ቸርነቱን አየሁለት። ኮሚናሉ፣ ማለትም ነዋሪው በጋራ የሚያርድበትና የሚደግስበት ቤት፣ ደግሞ ከእማዬ በር በጣም ቅርብ ነው። ለፋሲካ በግ ሲታረድ ደስ ይላታል፣ ለቅሶ ሲቀመጡ ደግሞ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ሙሽሪት ግን በሌሊት ተረኝነቷ ማግስት ኮሚናል ላይ ሠርግ ከተደገሰ እንቅልፍ የላትም፣ ይህን አልፈታነውም።

ስለ ውል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ወረዳ እንዲመዘገብ ይላል። አንዱ አከራይ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ጠየቀን፣ አዋጁን ስንጠቅስለት "እንግዲያው ሌላ ተከራይ አለ" አለ። ሄድን። ሁለተኛው ደግሞ ወረዳ የሚመዘገበው ውል ላይ ያነሰ ብር እንድንጽፍ ፈለገ። ይህንን እሺ ያለ ተከራይ ነገ ጭማሪ ሲመጣ የሚይዘው ማስረጃ የለውም። ሌላው ነገር፣ ኮንዶሚኒየም የሚያከራያችሁ ሰው ባለ ዕጣው ነው ወይስ ወኪል? በዕጣ የተገኘ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም፣ ስለዚህ በውክልና የተያዘ ቤት ሞልቷል። የውክልናውን ወረቀት ኮፒ ውሰዱ፣ ማከራየትና ኪራይ መቀበል የሚል ቃል መኖሩን አንብቡ። እኛ ሁለት አከራይ ስላለን ይህንን ሁለት ጊዜ ነው ያደረግነው። የሁለቱንም ውል በአንድ ወር እንዲያልቅ አድርገን ጻፍነው፣ አንዱ ልቀቁ ቢል ሌላው ላይ ታስረን እንዳንቀር።

ጀሞ በዚህ አኳኋን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለመካኒሳ ነው። ደላሎቹን ደረጃ አላወጣላቸውም፣ ከሁለቱ ቤቶች ስቱዲዮውን ያገኘችልን የብሎኩ ጥበቃ ሚስት ናት፣ ለሷ ኮሚሽን ሳይሆን ቡና ነው የከፈልነው፣ አሁን ከእማዬ ጋር አንድ እድር ናቸው።